ጭንቀት ሲይዘን የትኛውን ልምምድ እንምረጥ? የማይንድፉልነስ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዐይኔ ይገለጣል። የጠራኝ የለም። ውሻም አልጮኸም። ልቤ ግን ድም ድም ይላል፤ መንጋጋዬ ተቆልፏል። ባለፈው ሳምንት ሪፖርት ላይ የተሳሳትኳት አንዲት ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ ትመላለሳለች። ቁጥሯ ከታረመች ሦስት ቀን ሆኗታል። አለቃዬም ረስቷታል። ሰውነቴ ግን ገና አልሰማም።

እንዲህ ሆኜ ሁለት ዓመት ገደማ ከረምኩ። በዚያ ጊዜ ያገኘሁትን ሁሉ ሞከርኩ። አፕ አወረድኩ። ትንፋሽ ቆጠርኩ። በመጨረሻም ስምንት ሳምንት የሚፈጀውን ኮርስ ቤቴ ቁጭ ብዬ በኢንተርኔት ጨረስኩ። አንዳንዱ በጣም ጠቀመኝ። አንዳንዱ ጊዜዬን በላው። አሁን ወዳጆቼ "የቱ ይሻላል?" ሲሉኝ አንድ ጥያቄ እመልስላቸዋለሁ፦ ጭንቀቱ የሚይዛችሁ መቼ ነው?

ምርጫውን የሚወስነው ይኸው ነው። ስብሰባ ሊገባ ሲል እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ። ለወራት እንቅልፍ ያጣ ሰው አለ። ድባቴ ለቀቀኝ ሲል ተመልሶ የሚመጣበት ሰውም አለ። የሦስቱ ችግር የተለያየ ነው፤ የሚያዋጣቸው ልምምድም እንዲሁ።

ነገሩ ምንድን ነው?

ማይንድፉልነስ የሚለው ቃል ባዕድ ይመስላል። እኛ ግን ለዚህ የሚሆን ቃል ከድሮም አለን፦ ልብ ማለት። "ልብ ብለህ ተራመድ" እየተባልን ነው ያደግነው። ልምምዱም ይኸው ነው። አሁን የሚሆነውን ነገር፣ ትንፋሹንም፣ የትከሻውን መወጠርም፣ የመጣውን ሐሳብም፣ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ሳይሉ ልብ ማለት። ሐሳብ ይዟችሁ ይሄዳል። መሄዱን ታውቃላችሁ። ቀስ ብላችሁ ትመለሳላችሁ። እንደገና ይሄዳል። እንደገና ትመለሳላችሁ።

ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። "እኔ ሐሳቤ አይቆምልኝም፣ አልችልበትም" ይላል። ሐሳብን ማቆም ግን ከመጀመሪያውም አልተፈለገም። ልምምዱ መመለሱ ነው። 20 ጊዜ ሄዳችሁ 20 ጊዜ ከተመለሳችሁ 20 ጊዜ ሠርታችኋል። ደግሞ ልብ የሚሄደው በእናንተ ብቻ አይደለም። በ2010 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 2,250 ሰዎችን በስልካቸው አፕ በኩል መልእክት እየላከ "አሁን ምን እያሰባችሁ ነው?" ሲል ጠይቆ ነበር። ከጊዜያቸው 47 ከመቶ ያህሉን ልባቸው ከሚሠሩት ነገር ላይ አልነበረም። ልባቸው በሄደበት ሰዓት ደግሞ ደስታቸው ያነሰ ነበር።

አንጎላችን ውስጥ ምን ይሆናል?

አደጋ ሲመጣ ቀድሞ የሚነቃው አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። መጠኑ ለውዝ ያህላል፤ ስሙም በግሪክኛ ለውዝ (አልሞንድ) ማለት ነው። እሱ ሲነቃ ሃይፖታላመስ የሚባለውን ክፍል ያስነሣል። ከዚያ ትእዛዙ በነርቭና በሆርሞን አድርጎ ከኩላሊት በላይ ወደተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች ይወርዳል። አድሬናሊን በሰከንዶች ውስጥ፣ ኮርቲሶል በደቂቃዎች ውስጥ ደማችን ውስጥ ይገባሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይወጠራል።

መኪና ሲመጣባችሁ ዘላችሁ የምታመልጡት በዚህ ኃይል ነው። የሪፖርት ስሕተት ግን ተዘሎ አይመለጥም። ሰውነት ተዘጋጅቶ ይቆያል፤ የሚሮጥበት ቦታ የለውም። ይህ ለወራት ሲቀጥል እንቅልፍ ይዛባል። የማስታወስ ሥራ ያለበት ሂፖካምፐስም ለኮርቲሶል በጣም ስስ የሆነ ክፍል ስለሆነ ይጎዳል። ነገር መርሳት ስትጀምሩ "አረጀሁ" አትበሉ። ምናልባት ጭንቀት ነው።

ልምምዱ በዚህ ሰንሰለት ላይ በሁለት በኩል ይገባል፤ ከታች እና ከላይ። ምርጫውን የሚያቀልልን ይህን ማወቅ ነው።

ከታች የሚገባው በትንፋሽ ነው። አየር ስናስገባ ልብ ትንሽ ይፈጥናል። ስናስወጣ ቫገስ በሚባለው ነርቭ አማካይነት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የምናስወጣውን ትንፋሽ ስናረዝመው ልባችንን "ዝግ በል" እያልነው ነው። ይህ ማመን አይፈልግም፣ ማሰብም አይፈልግም። ሁለት ጣታችሁን አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ምቱ ሲዘገይ ይሰማችኋል።

ከላይ የሚገባው በግንባራችን በኩል ባለው፣ ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። በ2007 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ ለሰዎች የተቆጡና የፈሩ ፊቶችን ምስል እያሳዩ አንጎላቸውን አነሡ። ሰዎቹ ስሜቱን በቃል ሲሰይሙት፣ "ንዴት"፣ "ፍርሃት" ሲሉት፣ የአሚግዳላቸው እንቅስቃሴ ቀነሰ። በፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ ቀኝ በኩል ያለው እንቅስቃሴ ደግሞ ጨመረ። እኔ ከዚህ ሁሉ ንባብ ውስጥ በየቀኑ የምጠቀምበት ይህን ነው። ሌሊት ስነቃ "ፍርሃት ነው። ደረቴ ላይ ነው" እላለሁ። ቁጥሯን ሳይሆን ፍርሃቱን እጠራዋለሁ።

አሁን አንድ ነገር መታረም አለበት። "ስምንት ሳምንት ሜዲቴሽን የአንጎልን ቅርፅ ይለውጣል" የሚለውን ሰምታችሁ ይሆናል። መነሻው በ2011 የወጣ ጥናት ነው። ኮርሱን የወሰዱ 16 ሰዎች ከሌሎች 17 ሰዎች ጋር ተነጻጽረው በሂፖካምፐሳቸው ላይ የነርቭ ሴሎች የሚበዙበት የግራጫው ክፍል ጥግግት ጨምሮ ታየ። ዜናው ዓለምን ዞረ። በ2022 ግን በዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ከ200 በላይ ሰዎችን በዕጣ ከፍለው፣ በተሻለ ጥንቃቄ ያንኑ ሲፈትሹ፣ ስምንት ሳምንቱ ያመጣው የቅርፅ ለውጥ አላገኙም። ከአጥኚዎቹ አንዱ ዕድሜውን ሙሉ በሜዲቴሽን ምርምር ላይ የኖረው ሪቻርድ ዴቪድሰን ነው። የሚወደውን ነገር የሚቃወም ውጤት ይዞ መውጣቱን በጣም አከብራለሁ።

ይህ ማለት ልምምዱ አይሠራም ማለት አይደለም። አንጎል የሚሠራበት መንገድ ሊለወጥ ይችላል፤ በስምንት ሳምንት ግን ሥጋው አይወፍርም። ስለዚህ አንድ ኮርስ ወይም አፕ ባለቀለም የአንጎል ፎቶ ለጥፎ "አንጎልህን እንቀይራለን" ካላችሁ በዚያ ብቻ ገንዘባችሁን አታውጡ። መለኪያው እንቅልፋችሁ ነው፣ ንዴታችሁ ነው፣ ከልጆቻችሁ ጋር ያላችሁ ጠባይ ነው።

ለድንገተኛ ጭንቀት፦ እፎይ

ለቃለ መጠይቅ ወረፋ ስትጠብቁ፣ ሐኪም ቤት ውጤት ስትጠብቁ፣ ከሰው ጋር ተጋጭታችሁ እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ፣ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ትንፋሽን ያዙ።

በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሦስት ዓይነት የትንፋሽ ልምምድንና ተቀምጦ የሚሠራ ሜዲቴሽንን አነጻጸሩ። ሁሉም በቀን 5 ደቂቃ፣ ለአንድ ወር ነው። አራቱም ጭንቀትን ቀነሱ። ስሜትን በማሻሻል በኩል ግን ከሁሉም የበለጠው በአፍንጫ ሁለቴ ስቦ በአፍ ረጅም አድርጎ ማስወጣት ነበር። እኛ ይህን ድምፅ እናውቀዋለን። ሸክም ሲወርድልን የምናወጣው ነው። እፎይ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአፍንጫችሁ ሳንባችሁ እስኪሞላ አየር ሳቡ። ሳታስወጡ ትንሽ ጨምሩበት። ከዚያ በአፋችሁ ቀስ አድርጋችሁ፣ የሚጨመቅ አየር እስኪያልቅ ድረስ አስወጡ። ሦስት አራቴ ብቻ ስትደግሙት ለውጡ ይሰማችኋል። ታክሲ ውስጥ ይሠራል። ሽንት ቤት ውስጥ ይሠራል። ማንም አያውቅባችሁም።

ጉድለቱም ይታወቅ። እፎይ እሳቱን ያበርዳል እንጂ የሚያቀጣጥለውን ነገር አይነካም። በየቀኑ የሚያስጨንቃችሁ አለቃ ወይም ዕዳ ካለ፣ ነገም እዚያው ናችሁ።

ለከረመ ጭንቀት፦ የስምንት ሳምንቱ ኮርስ

ይህን ኮርስ የጀመረው ጆን ካባት ዚን ነው። ትምህርቱ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ነበር። በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሕመማቸው አልለቅ ያላቸውን ታካሚዎች ይዞ ነው የተነሣው። ከቡድሂዝም የወሰደውን ልምምድ ሃይማኖታዊ ሥርዓቱን ትቶ ለሆስፒታል በሚሆን መልክ አቀረበው። ኤምቢኤስአር ይባላል።

ኮርሱ ቀላል ሥራ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ተኩል ከቡድን ጋር ትሠራላችሁ። ቤት ደግሞ በቀን 45 ደቂቃ ያህል ልምምድ አለ። ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ሙሉ ቀን በዝምታ ይዋላል። ተኝቶ ከእግር ጣት እስከ ራስ ሰውነትን በልብ መፈተሽ አለ። ቁጭ ብሎ ትንፋሽን መከታተል አለ። ቀላል ዮጋም አለው።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት አንዲት ዘቢብ መብላት ነው። እኔ ዘቢብ አልነበረኝምና የገብስ ቆሎ ያዝኩ። አንዲቱን ፍሬ ብርሃን ላይ አየኋት። መሐሏ ላይ ያለው መሥመር ጠቆር ብሏል። ጆሮዬ ዳር በጣቶቼ ሳሻት ትንሽ ድምፅ አላት። ምላሴ ላይ ሳደርጋት መጀመሪያ ጣዕም የላትም፤ ስትነከስ ነው የተቆላው ሽታ የሚመጣው። ስንት ዓመት ቆሎ በእፍኝ ስቆረጥም ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደመጣ አሁንም በቃል ማስረዳት ይቸግረኛል።

ማስረጃው በዚህ ኮርስ ላይ ከሌሎቹ ይጠነክራል። በ2022 አሜሪካ ውስጥ በዕጣ የተከፈሉ 276 የጭንቀት ሕመምተኞች ተጠኑ። ገሚሱ ኮርሱን ወሰደ። ገሚሱ ኢሲታሎፕራም የሚባለውን የታወቀ መድኃኒት ወሰደ። ከስምንት ሳምንት በኋላ የሁለቱም ጭንቀት በተቀራራቢ መጠን ቀንሶ ተገኘ። መድኃኒቱን ከወሰዱት ከ10 ወደ 8 የሚጠጉት ቢያንስ አንድ የጎንዮሽ ችግር ገጥሟቸዋል፤ ኮርሱን ከወሰዱት ግን 15 ከመቶ ያህሉን ብቻ። ይህን አንብባችሁ ግን የታዘዘላችሁን መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ። ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። መድኃኒትና ኮርስ አብረውም ይሄዳሉ።

ማጋነንም አይገባም። በ2014 47 ጥናቶችን በአንድ ላይ የመረመረ ትልቅ ሥራ በጃማ የውስጥ ደዌ መጽሔት ወጥቶ ነበር። ሜዲቴሽን ለጭንቀት፣ ለድባቴና ለሕመም መጠነኛ ጥቅም አለው አለ። ከስፖርት ወይም ከመድኃኒት ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ ግን አላገኘም። ሩጫ የምትወዱና ሩጫው ልባችሁን የሚያቀልላችሁ ከሆነ፣ ኮርስ ካልወሰድኩ ብላችሁ አትጨነቁ።

ዋጋው? በአሜሪካና በአውሮፓ ከአስተማሪ ጋር የሚሰጠው ብዙ መቶ ዶላር ያስወጣል። ፓሎውስ ማይንድፉልነስ የሚባለው ድረ ገጽ ግን ሙሉውን ኮርስ በነጻ ይሰጣል፤ ቪዲዮም ጽሑፍም አለው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ኔትወርክ ሲቋረጥ እንዳልቸገር ድምፆቹን አስቀድሜ አወርዳቸው ነበር። የነጻው ጉድለት ቡድን የሌለው መሆኑ ነው። አምስተኛው ሳምንት ላይ ልተወው ነበር። የያዘችኝ አብራኝ የጀመረች ጓደኛዬ ናት። እሁድ ማታ እየደወለች "ሠራህ ወይስ ሰነፍክ?" ትለኛለች። ብቻችሁን አትጀምሩ። አንድ ሰው ያዙ።

ድባቴ ለሚመላለስበት ሰው

ከዚያው ኮርስ የተወለደ፣ ለድባቴ ተብሎ የተሠራ ሌላ ሕክምና አለ። ኤምቢሲቲ ይባላል። ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊሊያምስና ጆን ቲስዴል ናቸው ያዘጋጁት። የልብ ማለት ልምምዱን ከሐሳብ ሕክምና ጋር ያጣምራል። ዓላማው "እኔ ከንቱ ነኝ" የሚል ሐሳብ ሲመጣ እንደ እውነት ከመቀበል ይልቅ "ይኸው፣ ያ ሐሳብ መጣ" ማለትን ማስተማር ነው።

በ2000 የወጣው የመጀመሪያው ትልቅ ጥናት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ድባቴ የያዛቸውን ሰዎች ተከታተለ። በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ የተለመደውን ክትትል ብቻ ካገኙት 66 ከመቶው አገረሸባቸው። ኤምቢሲቲ ከወሰዱት ግን 37 ከመቶው ናቸው። በ2015 ደግሞ በእንግሊዝ 424 ሰዎች ለሁለት ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። ኤምቢሲቲ ወስደው መድኃኒቱን በሐኪም እየታገዙ ከቀነሱት 44 ከመቶ፣ መድኃኒት ከቀጠሉት 47 ከመቶ አገረሸባቸው። ተቀራራቢ ነው።

ይህ የሚሆነው ድባቴው ሲለቅ፣ እንዳይመለስ ነው። አሁን አልጋ ላይ ወድቃችሁ ምግብ አልገባ ካላችሁ፣ ወይም መሞትን የምታስቡ ከሆነ፣ ጊዜው የልምምድ አይደለም። የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለላችሁ። ይህን ማድረግ ነውር የለበትም።

አፕ

ሄድስፔስ በ2010፣ ካልም በ2012 የተጀመሩ ናቸው። ሁለቱም ድምፃቸው ያማረ፣ አጠቃቀማቸው የቀለለ፣ አብዛኛው ይዘታቸውም በክፍያ ነው። ክፍያው የውጭ ካርድ ስለሚጠይቅ አገር ቤት ላለን ሰዎች አይመችም። ኢንሳይት ታይመር ብዙ ነጻ ልምምድ አለው።

አፕ ትልቁ ድካሙ መረሳቱ ነው። በ2019 የወጣ ጥናት የአእምሮ ጤና አፖችን አጠቃቀም ተመልክቶ፣ ከ30 ቀን በኋላ የሚከፍታቸው ሰው በአማካይ አፕ 3 ከመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ አግኝቷል። እኔም ከ97ቱ አንዱ ነበርኩ። ደግሞ ስልኩ ራሱ ነው ችግሬ። ልምምድ ልከፍት ገብቼ ቴሌግራም ላይ ግማሽ ሰዓት ቆይቼ እወጣለሁ።

ሆኖም አፕ ከንቱ አይደለም፤ ምን እንደሚያስተምር ማየት ነው። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በ2018 ውጤቱ የወጣ ሥራ አለ። ጭንቀት ያለባቸው 153 ሰዎች በስልክ 14 ትምህርት ተሰጣቸው። አንዱ ቡድን ልብ ማለትን ብቻ ተማረ። ሌላው ልብ ማለትንም፣ የመጣውን ስሜት ሳይታገሉ መቀበልንም ተማረ። ከዚያ ሁሉም ሰው ፊት እንዲናገሩና ሒሳብ እንዲሠሩ ተደርገው ተፈተኑ። ኮርቲሶላቸውና የደም ግፊታቸው ብዙ ያልወጣው መቀበልን የተማሩት ናቸው። ስለዚህ አፕ ስትመርጡ "አተኩር፣ አተኩር" የሚለውን ተዉት። "ይኑር፣ ይቀመጥ፣ አትግፋው" የሚለውን ያዙ።

መቀመጥ ለማይሆንላቸው

ዝም ብሎ መቀመጥ የሚያስጨንቀው ሰው ብዙ ነው። ለእነሱ በእግር መሄድ ይሻላል። ከቤት እስከ ታክሲ ያለውን መንገድ ያለ ስልክ ሂዱ። ተረከዝ ሲያርፍ፣ ጣት ሲነሣ ልብ በሉ። ዕቃ ማጠብም ይሆናል፤ የውኃው ሙቀት፣ አረፋው፣ የሳህኑ ጠርዝ። ልጅ ያላቸው እናቶች "ጊዜ የለኝም" ሲሉኝ የምመክራቸው ይህንኑ ነው። አዲስ ጊዜ አይጠይቅም። ያለውን ሥራ ልብ ብሎ መሥራት ነው።

አሥር ቀን በዝምታ

ጎኤንካ የሚባል መምህር ባስፋፋው መንገድ የሚሰጠው፣ ቪፓሳና የተባለው የሜዲቴሽን ሱባኤ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። እስከ አሥረኛው ቀን ጠዋት አይነገርም። ስልክ የለም፣ ማንበብ የለም፣ መጻፍ የለም። መነሻው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው፤ በቀን አሥር ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ። ክፍያ የለውም፤ የጨረሰ ሰው በፈቃዱ ይሰጣል። ለጀማሪ አልመክረውም። ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ቢሄድበት ሌላ ነገር ነው።

"ጸሎቴን ይነካብኛል?"

ይህን የማይጠይቀኝ ወዳጅ የለም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጸሎት ከፈጣሪ ጋር መነጋገር ነው። ልብ ማለት ሐሳብን መሰብሰብ ነው። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። እንዲያውም ልቡን የሰበሰበ ሰው ጸሎቱ ላይም ልቡ ይገኛል። ሥሩ ቡድሂዝም መሆኑ የሚከብዳችሁ ከሆነ ትንፋሹንና የእግር ጉዞውን ብቻ ውሰዱ፤ እነዚህ የማንም ሃይማኖት ንብረት አይደሉም።

በ2001 ጣሊያን ውስጥ 23 ጤናማ ሰዎች የካቶሊክ መቁጠሪያ ጸሎትን በላቲን ሲደግሙ ተለክተው ነበር። ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ወረደ፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ከ12 በላይ ነው የሚተነፍሰው። የልባቸው ምትም ከትንፋሹ ጋር ተስማማ። አያቴ መቁጠሪያዋን ይዛ 41 ኪርያላይሶን ስትል፣ ጎረቤታችን ሼህ ከሰላት በኋላ 33 ጊዜ ሱብሃነላህ ሲሉ፣ ያ ቀስ ያለ ቃል ትንፋሻቸውን ሲያረጋው ዐይቻለሁ። ይህ ያላችሁ ሰዎች ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። ሳትቸኩሉ በሉት።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ማን ነው?

ሜዲቴሽን ጉዳት የለውም የሚባለው ልክ አይደለም። በ2020 የወጣ የ83 ጥናቶች ፍተሻ ከ100 ሰው 8 ያህሉ መጥፎ ስሜት እንደሚገጥመው አግኝቷል፤ በብዛት የጭንቀት ወይም የድባቴ መባባስ ነው። በተለይ ጦርነት ያየ፣ በስደት መንገድ የተንገላታ፣ ጥቃት የደረሰበት ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል ያ ነገር ሊመጣበት ይችላል። እንዲህ ከሆናችሁ ዐይናችሁን ክፈቱ። እግራችሁ መሬት መንካቱን ልብ በሉ። ክፍሉ ውስጥ ያሉ አምስት ነገሮችን በስም ጥሩ። ትንፋሽ ላይ ማተኮር ከባሰባችሁ ተዉት፤ ድክመት አይደለም። ቀድሞ የሥነ አእምሮ ሕመም ያለበት ሰውም ሐኪሙን ሳይጠይቅ ረጅም ሱባኤ አይግባ።

ልጆችንም የሚያስገድዱ ወላጆች አሉ። በእንግሊዝ 85 ትምህርት ቤቶች ውስጥ፣ ከ8,000 በላይ ታዳጊዎች ላይ ተሞክሮ ነበር። ውጤቱ በ2022 ሲወጣ፣ በክፍል የተሰጠው የማይንድፉልነስ ትምህርት ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ጥቅም አላሳየም። ብዙዎቹ ልጆች ቤት አይለማመዱትም ነበር። ልጅ ወላጁን ሲያይ ይማራል። እናንተ ሥሩት፤ እሱን ተዉት።

እንዴት ልጀምር?

ጭንቀታችሁ የሚመጣው በቅጽበት ከሆነ፣ እፎይን በቀን 5 ደቂቃ ያዙ፤ ሰላም በሆናችሁበት ሰዓት ተለማመዱት። በችግር ሰዓት አዲስ ነገር አይመጣላችሁም። ከርሞባችሁ ከሆነና በቀን 45 ደቂቃ ያህል ማግኘት ከቻላችሁ፣ ከአንድ ሰው ጋር ሆናችሁ የስምንት ሳምንቱን ጀምሩ። ያን ያህል ጊዜ ከሌላችሁ በእግር ጉዞው ጀምሩ፤ ከዚያ 10 ደቂቃ መቀመጥን ጨምሩበት። ስልክ ላይ ከሆነ ደግሞ አንድ አፕ ብቻ፣ ማሳወቂያውን ሁሉ ዘግታችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ። ትናንት ስንት ሰዓት ተኛችሁ? በሳምንቱ ስንት ጊዜ ጮኻችሁ? ትከሻችሁ እንዴት ነው? ከአንድ ወር በኋላ ያንኑ ጻፉና አስተያዩ። እኔ ከእንቅልፌ መንቃቴ ሙሉ በሙሉ አልቀረም። ድሮ በሳምንት አምስት ሌሊት ነበር፤ አሁን አንድ ነው። ስነቃም ቶሎ ተመልሼ እተኛለሁ።

ሰዓቱን ደግሞ በየቀኑ ከምትሠሩት ነገር ጋር እሰሩት። "ሲመቸኝ" ያላችሁት አይመጣም። የእኔ ጠዋት ነው። ጀበናውን ጥጄ እዚያው አጠገቡ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ቆይቶ ከሥሩ ይንሿሿል። ሐሳቤ ቢሮ ሲሄድ ወደዚያ ድምፅ እመልሰዋለሁ። አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ሊገነፍል ሲል ተነስቼ አወርደዋለሁ።